ቪሽኛ ለኮሚሽኑ የዘፈነች ዕለት

ዳኑብ በከተማችን ሲያልፍ አይቸኩልም። እንደ ጠገበ ባለጸጋ ካባውን እየጎተተ፣ የእኛን የሰርቦችን ዳርና የሩማንያን ዳር እኩል እየገላመጠ ይሄዳል። ኔቬና ይህን ወንዝ እየወደደችው ነው ያደገችው። አባቷ ከእሱ ዓሣ እያወጣ አሳደጋት፤ ባሏን ኦግኜንን ያገኘችው በእሱ ዳር ነው፤ ዛሬም ኦግኜን በጭነት ጀልባ ላይ ተቀጥሮ ከቤቱ ይልቅ በውሃው ላይ ይኖራል። ያላት ፍቅር ሁሉ ከውሃ የመጣላት ሴት ናት።

ልጇ ቪሽኛ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ግን ወንዙን የምታየው ሌባ እንደሚታይ ነው።

ቪሽኛ ትሮጣለች። የማይሮጥ ልጅ የለም፤ ሌላው ልጅ ግን ሮጦ ዞር ይላል፣ እናቱ መከተሏን አይቶ ይስቃል፣ ስሙ ሲጠራ ይቆማል። ቪሽኛ ዞር አትልም። እጇ ከያዛት እጅ ካመለጠ፣ በር ገርበብ ብሎ ካገኘች፣ በማይታይ ክር እንደምትሳብ ሁሉ ቀጥ ብላ ወደ ውሃው ነው። «ቪሽኛ!» ቢሏት ስሙ የሌላ ሰው ነው። መኪና አታይም፣ ውሻ አትፈራም፣ ውሃው ጫማዋን ሲያርሰውም አትቆምም። ኔቬና ልብሷን ለብሳ እስከ ወገቧ ወንዝ ውስጥ ገብታ ያወጣቻት ጊዜ አለ። ያን ቀን ልጅቷ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው እናቲቱ ናት።

የትልቁ ከተማ ሐኪሞች ኦቲዝም ነው ብለው ነግረዋታል። ኔቬና ቃሉን ተቀብላ ይዛዋለች፤ ስም ያለው ፍርሃት ስም ከሌለው ይሻላል። አምስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ልጅ «እማ» ብላ አታውቅም። ሲጠማት የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ቧንቧው ትጎትታለች እንጂ «ውሃ» አትልም። መዝፈኑን ግን ትችልበታለች! አያቷ ራዶይካ ሽንኩርት እየላጡ ያንጎራጎሩትን ሁሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ፊደል ሳትጥል፣ እንደ ብር ደወል በጠራ ድምፅ ትመልሰዋለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ዝም። ቤቱ እንደ ባዶ እንስራ ይሆናል።

ሐኪሞቹ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ ከልጆች ጋር ትዋል። ቃሉ ከመጣም ከልጆች መሀል ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኔቬና መዋዕለ ሕፃናቱ ሄዳ መምህርት ስቶያንካን አነጋገረች። መዋዕለ ሕፃናቱ በሊፓ ዛፍ በታጠረው መንገድ ጫፍ ላይ፣ ከወንዙ አንድ ሜዳ ብቻ ርቆ ነው የተሠራው።

«እኅቴ፣ አልዋሽሽም» አለች ስቶያንካ። «ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ እኛ ሁለት ነን። አንዱ አፍንጫው ይደማል፣ አንዷ ሱሪዋን ታረጥባለች፤ ያኔ ቪሽኛን ማን ያያታል? አጥሩን እንደሆነ አይተሽዋል። ዳክዬ እንኳ አይከለክልም።»

«በሩን ብትቆልፉትስ?»

«እሳት ቢነሳ ብለው አይፈቅዱም። ስሚኝ፣ አጃቢ አምጪ። የእሷ ብቻ የሆነች፣ ዓይኗን ከእሷ የማትነቅል አጃቢ። ልጆችን የሚመረምረው ኮሚሽን አይቷት ያስፈልጋታል ካለ ማዘጋጃ ቤቱ ይመድባል።»

«ካላለስ?»

ስቶያንካ በመስኮቱ ወደ ወንዙ አየች። ከዚያ የአንዱን ልጅ የጫማ ክር ለማሰር ጎንበስ አለች፤ ክሩ ግን ታስሮ ነበር።

ኮሚሽኑ ወደ ቤት መጥቶ ልጅቷን በምትኖርበት ሊያያት ቀን ቆረጠ። ይህን ሲሰሙ አማቲቱ ራዶይካ ቤቱን አናወጡት። መስኮት ተወለወለ፣ ምንጣፍ ተደበደበ፣ የሠርግ የጠረጴዛ ልብስ ከሳጥን ወጣ። የፕሪም ፍሬ በስኳር ተቀቅሎ ከተቀመጠበት ማሰሮ ወደ ብርጭቆ ሳህን ተገለበጠ፤ በእኛ አገር እንግዳ ደጅ ሲረግጥ አንድ ማንኪያ ጣፋጭና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳይቀምስ ወሬ አይጀመርም። የውጪው በር ላይ፣ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ፣ ኔቬና ያስመታችው ትልቅ መቀርቀሪያ ነበር። ራዶይካ በላዩ ጥልፍ ጨርቅ ሰቀሉበት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቤታችን እስር ቤት መሰለኮ! ሰው ይመጣል።»

«የሚመጡት እንግዶች አይደሉም። ያለችበትን ሊያዩ ነው።»

«ደጄን የረገጠ ሁሉ እንግዳ ነው። ሊያዩ ከመጡማ ደኅና አድርገን እናሳያቸዋለን! ደግሞ በባዶ እግርሽ አትቁሚ፣ ማህፀንሽ ይበርዳል።»

ቪሽኛ ነጭ ካልሲ ተደረገላት፤ ጸጉሯ በቀይ ሪባን ተያዘ። ኔቬና ከጎኗ አስቀምጣ እጇን ጨበጠች፤ ከጠረጴዛው ልብስ በታች፣ ማንም በማያይበት። ትንሿ እጅ እንደ ተያዘች ወፍ ውስጥ ውስጡን ትፍጨረጨር ነበር።

የመጡት ሦስት ናቸው፤ ዋናዋ ሚሮስላቫ የምትባል፣ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ደጁ ላይ የተለመደው ሙግት ሆነ፤ እነሱ ጫማ እናውልቅ ሲሉ፣ ራዶይካ «ኧረ በሞቴ፣ አታውልቁ!» ሲሉ፣ በመጨረሻ ግማሹ አውልቆ ግማሹ ሳያወልቅ ገባ። ጣፋጩ ተቀመሰ፣ ተመሰገነ፣ አሠራሩ ተጠየቀ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ትበላለች?»

«እንደ ተኩላ!» አሉ ራዶይካ። ልጅቷ ከነጭ ዳቦና ከተላጠ ድንች በቀር ምንም አትቀምስም።

«ትተኛለች?»

«እንደ መልአክ!»

«ከቤት የመውጣት፣ የመሸሽ ነገርስ አለባት?»

ኔቬና አፏን ከፈተች። ግን ራዶይካ ቀደሟት፦ «ይገርማል! ልጅ አይደለች እንዴ? ትሮጣለች። የማይሮጥ ልጅማ ታሟል ይባላል!» እንግዶቹ ሳቁ። አንዲት ምራት በአማቷ ቤት፣ በእንግዳ ፊት፣ አማቷ ያቀረቡትን ጣፋጭ አፋቸው ውስጥ ይዘው በሚስቁ ሰዎች መሀል፣ «ዋሽተዋል» ብላ እንዴት ትነሳለች? ኔቬና አፏን ዘጋች። እጇን ብቻ አጠበቀች።

ራዶይካ ደግሞ ልባቸው ሞቀ። ከአንገታቸው ዘንበል ብለው የመጀመሪያዋን ስንኝ ጀመሩላት። ቪሽኛ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ ተቀበለቻቸው፦

«ዳኑብ ሆይ ዳኑብ ሆይ፣ ሰፊው ባለ ካባ፣
ውሃህ ሐር ይመስላል፣ አረፋህም ላባ፣
ጀልባዬን አሳልፍ፣ ሙሽራዬ ትግባ።»

እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። ያ ድምፅ! የበረዶ ውሃ በድንጋይ ላይ ሲወርድ ያለው ድምፅ። ሚሮስላቫ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «ስንት ልጅ አይቻለሁ፤ እንዲህ የምትዘፍን አላየሁም» አለች። ራዶይካ ሰው እንዳይበላት ብለው ወደ ጎን ሦስት ጊዜ እንትፍ አሉ፤ ፊታቸው ግን እንደ ፋሲካ ጠዋት በርቶ ነበር።

ውሳኔው በስልክ ተነገረ። የሚሮስላቫ ድምፅ ደግ ነበር፤ ከደግነቱ የተነሳ ኔቬና እንደተከለከለች ወዲያው ገባት። «ደስ ይበልሽ። ልጅሽ ከጠበቅነው በላይ ደኅና ናት። ቃላት አላት፣ ረጋ ያለች ናት፣ ያን ያህል ጊዜ ከጎንሽ ንቅንቅ አላለችም። አጃቢ አያስፈልጋትም ብለናል። በመስከረም እንደማንኛውም ልጅ ትገባለች።»

እንደማንኛውም ልጅ። ኔቬና ስልኩን ዘግታ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች። ገንዳው ውስጥ ነጭ ሳህን ተንሳፍፎ ነበር፤ እሷ ግን ያየችው ነጭ ካልሲ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃ ያለበት ሁሉ ያንኑ ያሳያት ጀመር። ልብስ ስትዘፈዝፍ ካልሲው ነው። ዝናብ ጎዳናው ላይ ሲያቁር ቀዩ ሪባን ነው። ሾርባ ስታማስል እጇ ይቆማል። ቤት ቆልፋ ልታስቀራት አሰበች፤ ታዲያ ቃሉ ከየት ይመጣል? ስትሰድዳት ወንዙ፣ ስታስቀራት ዝምታው፤ ሁለቱም ጥልቅ፣ ሁለቱም ወለል የሌላቸው።

ኦግኜን ከጀልባው ደወለ። «ይግባኝ በይ» አላት። «እኔ አሁን ቡልጋሪያ ነኝ። እንዴት ልምጣልሽ?» ሞተሩ ከበስተጀርባው ይጮህ ነበር። ኔቬና ከሞተሩ ድምፅ በታች የውሃውን ድምፅ ሰማችና ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

ራዶይካ በዚያው ሰሞን ለጎረቤት ሁሉ ወሬ ይነዙ ነበር። «ኮሚሽኑ አለቀሰ! አንዷማ ልውሰዳት አለች!» አንድ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ለሦስተኛዋ ጎረቤት በአጥር ላይ አውርተው ሲገቡ ኔቬና ማድ ቤት ቆማ ጠበቀቻቸው።

«እማማ፣ ልጄን ገደሏት።»

ራዶይካ የያዙትን ቅርጫት አስቀመጡ። «ምን አልሽ?»

«በመስከረም አጥሩን ታልፋለች። እኔ አልኖርም፣ እርስዎ አይኖሩም። ውሃው ይወስዳታል። እርስዎ ነዎት የገደሏት፤ በጣፋጭና በዘፈን።»

«እኔ? ያቀፍኳት፣ ያዘልኳት፣ ያስተማርኳት እኔ? ምን እንድል ነው የፈለግሽው? በሰው ፊት "የልጅ ልጄ ስሟን አታውቅም፣ እንደ እብድ ሸሽታ ውሃ ትገባለች" ልበል? ምላሴ ይቆረጥ! ከተማው ትንሽ ነው። ነገ ማን ያገባታል?»

«ለማግባት መጀመሪያ መኖር አለባት!»

ይህን ያለችው እየጮኸች ነው። በአሥር ዓመት ምራትነቷ በዚያ ቤት ጮኻ አታውቅም። ቪሽኛ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ደፍና ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ከዚያ ወደ ውጪው በር ሮጠች። በሩ ተቀርቅሯል። ማንኳኳት አልነበረም የያዘችው፤ በግንባሯ ትመታው ነበር፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ራዶይካ ደርሰው መዳፋቸውን በግንባሯና በበሩ መሀል አስገቡ። ልጅቷ እጃቸውን መታችው። አሮጊቷ እጃቸውን አላነሱም።

ልጅቷ ስትረጋጋ ጥልፍ ጨርቁን ከመቀርቀሪያው ላይ አውልቀው አጣጠፉት።

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ትንሽ ሆኖ።

ይግባኙ የሚሰማው በጤና ጣቢያው ፎቅ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ፊት ለፊት ነው፤ ሣር አለ፣ የእግረኛ መንገድ አለ፣ ከዚያ ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ። ወቅቱ የቀለጠ በረዶ ውሃ የሚመጣበት ነበርና ዳኑብ ደፍርሶ፣ አብጦ፣ የታችኞቹን ደረጃዎች ውጧቸዋል። ኔቬና ብዙ አሰበች። አፏን ሞልታ ብትናገር «እናት ታጋንናለች» ይላሉ። ስለዚህ እለቃታለሁ አለች። አንድ ጊዜ፣ በፊታቸው፣ እጇን እለቃለሁ።

«እርስዎ ታች ዋናው በር ላይ ይቁሙ» አለቻቸው ራዶይካን። «ወርዳ ስትመጣ ይያዟት። እማማ፣ ከዚያ በር እንዳይነቃነቁ።»

«እንደ በረኛ እቆማለሁ። ወፍም አታልፈኝ!»

እላይ፣ ሚሮስላቫ ያንኑ ደግ ፈገግታ ይዛ ተቀበለቻቸው። «እህ፣ ዘፋኟ መጣች! ኔቬና፣ ምን አስጨነቀሽ? አጠገብሽ እንዴት ረጋ ብላ እንደተቀመጠች እያየኋት ነው።»

«እጄን ስለያዝኩባት ነው» አለች ኔቬና። «ያን ቀንም ይዣት ነበር፤ ከጠረጴዛው በታች። ሁልጊዜ ይዣት ነው። አሁን እለቃታለሁ።»

ጣቶቿ እምቢ አሏት። አንድ በአንድ ነው የፈታቻቸው።

ቪሽኛ አልዘገየችም። ወንበሩ ወደቀ፣ በሩ ተበረገደ፣ የትንሽ ጫማ ኮቴ በኮሪደሩ ላይ እንደ በረዶ ጠጠር ዘነበ። «ወዴት ነው?» አለች ሚሮስላቫ፤ ኔቬና ቀድማ ወጥታለች። ደረጃውን ስትወርድ ለራሷ እማማ አሉ፣ እማማ በሩ ላይ አሉ ትላለች።

ራዶይካ በሩ ላይ ነበሩ። ግን በዚያች ደቂቃ አበልጃቸው ስታሜና ደም ግፊቷን ለመለካት መጣች። የልጃቸው የሠርጉ ሚዜ የነበረች፣ ቪሽኛን ከጥምቀት ያነሳች አበልጅ! አበልጅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከእግዜር ቀጥላ ናት፤ ሦስቴ ሳይሳሙ አይታለፍም። «አበልጄ! ጤና ነሽ?» አንድ ጉንጭ። «ክብር ለእሱ፣ አንቺስ?» ሁለተኛ ጉንጭ። ቪሽኛ በሁለቱ አሮጊቶች ቀሚስ መሀል እንደ ነፋስ አለፈች።

ኔቬና ከበሩ ስትወጣ ቀዩን ሪባን ሣሩ ላይ አየችው። አልጮኸችም፤ ትንፋሹ አልነበራትም። መንገዱን ስታቋርጥ እግሯ ከድንጋይ ጠርዝ ተጋጨና በጉልበቷ ወደቀች። ከወደቀችበት ሆና ሁሉንም አየችው፤ ሪባኑ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ ሪባኑ ሁለተኛው ላይ፣ ከዚያ የደፈረሰው ውሃ ቀሚሱን ከፍ ሲያደርገው። በአጠገቧ አንድ ሰው ሮጦ አለፈ። አንድ ጫማ የሌላት፣ መነጽሯ በሰንሰለቱ ጀርባዋን የሚመታት ሴት።

ሚሮስላቫ ልጅቷን በቀሚሷ መቀነት ያዘቻት። ውሃው ለልጅቷ ደረቷ፣ ለሴትዮዋ ጉልበቷ ነበር። ሁለቱም ተንገዳገዱ፤ ወንዙ ትንሽ ጎተተ፤ ሴትዮዋ በሌላ እጇ የጀልባ ማሰሪያውን ብረት ጨበጠች። ቪሽኛም ዓይኗን ከሩማንያ ዳር ሳትነቅል፣ ማን እንደያዛት ሳታይ፣ ከአንገቷ ቀና ብላ ትዘፍን ነበር፦ ውሃህ ሐር ይመስላል፣ አረፋህም ላባ።

ወደ ላይ ሲያወጧት ሚሮስላቫ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

«ለእኔ የዘፈነችልኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

ኔቬና ልጇን ከነውሃዋ አቅፋ ነበር። ልጅቷ ትፍጨረጨራለች፣ አሁንም ወደዚያው። «እኔ ነኝ የለቀቅኳት» አለች ኔቬና። «አይታችኋል፤ እኔ ነኝ የለቀቅኳት።»

«አየሁ። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ።»

«ሁለተኛ እንዳታስደርጉኝ።»

ራዶይካ እየሮጡ፣ መሃረባቸው አንገታቸው ላይ ወድቆ ደረሱ፤ ከኋላቸው አበልጂቱ። አሮጊቷ እርጥቧን ልጅ፣ የምራታቸውን የደማ ጉልበት፣ ያንን የደፈረሰ ውሃ ተራ በተራ አዩ። «በጉንጭ!» አሉ ደረታቸውን እየደቁ። «በአንድ ጉንጭ ልጄን ልሸጣት!» ከዚያ ወደ ሚሮስላቫ ዞረው፣ አበልጃቸው ቆማ እየሰማች፣ መንገደኛው ቆሞ እየሰማ፣ ሁሉንም ተናገሩት። ዳቦና ድንች ብቻ መብላቷን፣ ስሟን አለማወቋን፣ ሌሊት በር መምታቷን፣ መቀርቀሪያውን በጥልፍ መሸፈናቸውን። ምላሳቸው አልተቆረጠም።

አጃቢዋ ተፈቀደች።

መስከረም ሲብት፣ የሊፓው ቅጠል ከዳር ዳሩ ቢጫ ሲይዝ፣ ኔቬና ቪሽኛን ይዛ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆመች። ጉልበቷ ድኗል፤ ፍርሃቷ ግን እዚያው ነው። ትከሻ ሰፊ፣ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት መጣችና «ዝላታ እባላለሁ፣ የቪሽኛ አጃቢ ነኝ» አለች። ራዶይካ ከእግር እስከ ራስ ለኩዋት።

«ትሮጫለሽ?»

«እጅ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ፣ እማማ።»

«ነበርኩማ እኔም ቆንጆ ነበርኩ። አሁንስ?»

«እማማ፣ እባክዎ» አለች ኔቬና አፍራ። ዝላታ ግን አልተቀየመችም። ጫማዎቿን አውልቃ አጥሩ ሥር አስቀመጠችና በግቢው መሀል ወዳለው የዋልነት ዛፍ ተፈተለከች። ልጆቹ በመስኮት ጮኹ። ያኔ ቪሽኛ እጇን መንጭቃ ከእናቷ እጅ አመለጠች።

የኔቬና ሰውነት ሁሉ ወደ ወንዙ በኩል ዞሮ ነበር፤ ልጅቷ ግን እዚያ አልነበረችም። ወደ ዛፉ ነበር የምትሮጠው፤ ከምትሮጠው ሴት ኋላ። ዝላታ ዛፉን ዞረች፣ ቪሽኛም ዞረች። ዝላታ ቀስ አለች፣ ቪሽኛም ቀስ አለች። ሁልጊዜ ሌላው የሚከተላት ልጅ ሰው ስትከተል እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ዝላታ ሳታያት፣ እንደዋዛ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ትንሿ እጅ ዘግየት ብላ ገባችበት። ገብተው በሩ ተዘጋ።

«እንሂድ እንግዲህ» አሉ ራዶይካ።

ኔቬና አልተነቃነቀችም። «እማማ፣ ትንሽ እንቆይ።»

አሮጊቷ ሜዳውን አዩ፣ ውሃውን አዩ። ከዚያ መሃረባቸውን አጥብቀው አሰሩና አጥሩን ዞረው በወንዙ በኩል ሄደው ቆሙ። ኔቬናም ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ጀርባቸውን ለዳኑብ ሰጥተው፣ ልጆቹ ወደ ቤታቸው እስኪለቀቁ ድረስ ቆሙ።